ምዕራፍ ሰባት፦ በቁመቱ ጽኑ፣ በወርዱ ደካማ (የባሕር ዛፍ እንጨት ለግንባታ)

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች የቀረቡት ብረትና ኮንክሪት አንድ የሚጋሩት ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ጭነቱ ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ የሚሰጡት ምላሽ ተመሳሳይ መሆኑ ነው። ለሙከራ የተሞላ የኮንክሪት ኪዩብ በየትኛውም ጎኑ ወደ መጭመቂያው ማሽን ቢገባ የሚፈርስበት ጭነት ብዙም አይለያይም። እንጨት ግን ቀልጦ ወይም ተቦክቶ ሳይሆን አድጎ የተሠራ ነገር በመሆኑ ቁመትና ወርድ አለው፤ በቁመቱ የሚያሳየውን ብርታት በወርዱ አያሳይም። ስለዚህ «ባሕር ዛፍ ለቤት መሥሪያ ይሆናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «በየት በኩል ሲጫን፣ ምን ያህል ደርቆ፣ ምን ነክቶት?» ተብሎ ካልተዘረዘረ በቀር የሚረባ መልስ አይገኝለትም። ይህ ምዕራፍ በአብዛኛው የሚያተኩረው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከእርሱ የሚወለዱ ናቸውና።

ጥያቄው በአዳማና በአካባቢዋ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከቢሾፍቱና ከሞጆ ወደ አዳማ፣ እንዲሁም ከሞጆ ታጥፎ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ መስመር የጭቃ ቤቱ ቋሚና ማገር፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ወራጅ፣ የግቢው አጥር፣ የፎቁ መወጣጫና የሶሌታው ድጋፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ባርጋሞ ይለዋል። ሦስትና አራት ፎቅ የሚወጣ ሕንፃ ሲያልቅ በውስጡ አንድ አጠና እንኳ ላይቀር ይችላል፤ በሚሠራበት ወራት ግን ያ ሁሉ እርጥብ ኮንክሪት እስኪጠነክር ድረስ የሚቆመው በአጠና ላይ ነው።

ሁለቱ ባሕር ዛፎች

ባሕር ዛፍ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም፤ በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያና በአቅራቢያዋ ባሉ ደሴቶች ከ700 በላይ ዝርያዎች አሉት። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን አመጣጡ ብዙ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳዊ አማካሪ ከሞንዶን ቪዳዬ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም እስከ ማዛወር ያሳሰበውን የማገዶ እጥረት ያስታገሰው ይኸው ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያከሳል የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልበረደም። ክርክሩ ተገቢ ቢሆንም የዛፉን እንጂ የእንጨቱን ጠባይ የሚመለከት ስላልሆነ እዚህ አይነካም።

በአገሪቱ በስፋት የሚታወቁት ነጭ ባሕር ዛፍና ቀይ ባሕር ዛፍ ናቸው። ነጩ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ፣ ደጋ ወዳድ ነው፤ ቀዩ፣ ዩካሊፕተስ ካማልዱሌንሲስ፣ በአውስትራሊያ በወንዝ ዳር የሚበቅል ሆኖ ሙቀትንና ደረቅ ወቅትን የሚችል ስለሆነ ቆላማና ወይና ደጋ ለሆኑ ቦታዎች ይስማማል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በሁለቱ ድንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ በግቢያቸውና በእርሻቸው ዳር የሚተከለው ቀዩ ሲሆን፣ ረጅምና ቀጥ ያለው የነጭ ባሕር ዛፍ አጠና ግን ከአርሲና ከሸዋ ደጋዎች በመኪና ተጭኖ ይወርዳል። ገዢው ሁለቱን አንድ አድርጎ «ባሕር ዛፍ» ቢላቸውም አናጺው ይለያቸዋል፤ ቀዩ ሲጠረብ ወደ ደም የሚያደላ ቀለም፣ የተጠላለፈ ቃጫና ለመጋዝ የሚያስቸግር ክብደት አለው።

ክብደታቸው ስለ ጥንካሬያቸው የመጀመሪያውን ፍንጭ ይሰጣል። አንድ ሜትር ኪዩብ በደንብ የደረቀ የጎለመሰ ነጭ ባሕር ዛፍ 800 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ቀዩ ደግሞ ከዚያም ጥቂት ከፍ ያለ ይመዝናል፤ ለጣውላ የሚመረጠው የፈረንጅ ጽድ ግን 500 ኪሎ አይሞላም። የእንጨት ዋናው ንጥረ ነገር በሁሉም ዛፍ ያው በመሆኑ አንዱን ከሌላው የሚያከብደው በውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ማነሱ፣ ማለትም የሕዋሶቹ ግድግዳ መወፈሩ ነው፤ ጭነት የሚሸከመውም ግድግዳው እንጂ ባዶው አይደለም።

የወንጂ አገዳ የሚያስረዳው

ከአዳማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ስኳር ማምረት በ1946 ዓ.ም. የተጀመረበት ወንጂ ይገኛል፤ በዚያ አካባቢ ሸንኮራ አገዳ በጥርሱ ያልላጠ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አገዳ የሚላጠው በቁመቱ ነው፤ ጥርስ ልጣጩን ጫፉ ላይ ይዞ ሲስበው እስከ አንጓው ድረስ ተገፎ ይመጣል፤ ሰውነቱም ቢሆን በቁመቱ በቀላሉ ይተለተላል። ያንኑ አገዳ በሁለት እጅ ይዞ እንደ ገመድ ስቦ ለመበጠስ የሞከረ ግን አይቀናውም። አገዳው በቁመቱ የተሰለፉ ብዙ ሺህ ቃጫዎች ያሉት ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ቃጫ ጠንካራ ሲሆን ቃጫን ከቃጫ የሚያያይዘው ግን ለስላሳ ነው።

የባሕር ዛፍ እንጨትም አሠራሩ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ቃጫዎቹ እጅግ የደቀቁና ማጣበቂያቸው እጅግ የጠነከረ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ቃጫ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ቱቦ ሲሆን ግድግዳው የተገነባው ሴሉሎስ ከሚባል ክር መሰል ነገር ነው፤ ክሮቹ በአብዛኛው የቱቦውን ቁመት ተከትለው ተጠምጥመዋል። ቱቦዎቹን እርስ በርስ የሚያጣብቀው ሊግኒን ይባላል፤ እርሱ ሲጨመቅ ይበረታል፣ ሲነጣጠል ግን ይሸነፋል። በውጤቱም ባሕር ዛፍን በቁመቱ ስቦ ለመበጠስ የሚያስፈልገውን ኃይል ሀያ ላይ ቢያካፍሉት፣ አንዱ እጅ ያንኑ እንጨት በወርዱ ነጣጥሎ ለመሰንጠቅ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜም ይተርፋል። ወፍራም ግንድ በመጥረቢያ ለመቁረጥ ላብ የሚያፈሰው ፈላጭ ያንኑ ግንድ አቁሞ ሲፈልጠው ሥራው የሚቀለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በቁመቱ ያለው ጥንካሬ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ የታወቀ መለኪያ ይረዳል። በስፔን ሰሜናዊ ክፍል የሚበቅለው ነጭ ባሕር ዛፍ ለግንባታ ሲመረጥ በአውሮፓ የጥንካሬ ደረጃ «ዲ40» ተብሎ ተመድቧል፤ ቁጥሩ የሚያመለክተው ሲለመጥ የሚችለውን ውጥረት፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 40 ኒውተን ወይም በካሬ ሴንቲሜትር 400 ኪሎ ግራም ያህል መሆኑን ነው። በዚያው አህጉር ለጣሪያ በብዛት የሚገባው ቀላል እንጨት ደረጃው 24 ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የሕንፃ ስታንዳርድ የአውሮፓውን የእንጨት አሠራር ደንብ የተቀበለች በመሆኑ መለኪያው ለአገሩ መሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ዳሩ ግን ያ ቁጥር የተሰጠው ከጎለመሰ ዛፍ ለተሰነጠቀ፣ ጉጡና ስንጥቁ አንድ በአንድ ታይቶ ለተመረጠ እንጨት ነው፤ በአዳማ መሸጫ ቦታዎች የሚከመረው አጠና ደግሞ የሚለየው በውፍረቱና በርዝመቱ እንጂ በጥንካሬው አይደለም፤ ብዙውም ከጉቶ ያቆጠቆጠና ገና በጥቂት ዓመቱ የተቆረጠ ነው። በዛፉ እምብርት ዙሪያ በለጋነቱ የተሠራው እንጨት ከኋለኛው ይልቅ ቀላልና ልል ስለሆነ፣ ለጋ አጠና የጎለመሰውን ዛፍ ቁጥር ሊዋስ አይገባውም።

ውሃው ሲወጣ

አገዳው ሁለተኛም ነገር ያስረዳል። በፋብሪካው መጭመቂያ ሲያልፍ ጭማቂው ይወርዳል፤ የሚቀረው ገለባ ደረቅ ቢመስልም ሲነካ ግን ገና እርጥብ ነው፤ ምክንያቱም ከውሃው አንዱ ክፍል በባዶው ቦታ የተቀመጠ ሲሆን ሌላው በራሱ በቃጫው ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ የተያዘ ነው። በእንጨትም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። ዛፉ እንደተቆረጠ በቅድሚያ የሚወጣው በቱቦዎቹ ባዶ ውስጥ ያለው ነው፤ እርሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። የውሃው ክብደት ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 ከመቶ ገደማ ሲደርስ ባዶው ያልቅና ግድግዳው ራሱ ውሃውን መልቀቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ግድግዳው እየቀጠነ፣ እንጨቱም እየተኮማተረ ይሄዳል።

መኮማተሩም አቅጣጫ አለው። ክሮቹ በቁመት የተሰለፉ ስለሆኑ ግድግዳው የሚቀጥነው ወደ ጎን ነው፤ በቁመቱ የሚጠፋው ከቁጥር አይገባም። ወደ ጎንም ቢሆን የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ከእምብርት ወደ ልጣጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ይሆናል። ነጭ ባሕር ዛፍ በዚህ ጠባዩ ከብዙ እንጨቶች የባሰ ነው፤ ከእርጥብነቱ ተነሥቶ አየር ላይ እስኪደርቅ ድረስ ቀለበቱን ተከትሎ ከ10 እስከ 12 ከመቶ ሊኮማተር ስለሚችል 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከወርዱ ያጣል። በአንደኛው አቅጣጫ ከሌላው አብልጦ የሚኮማተር ድቡልቡል አጠና ደግሞ ልዩነቱን የሚያስታርቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ደካማ በሆነበት በኩል፣ ማለትም በቁመቱ መሰንጠቅ ነው። በደረቀ አጠና ላይ ከእምብርቱ ወደ ልጣጩ የሚሄደው ረጅም ስንጥቅ ለብዙ ሰው የመበላሸት ምልክት ይመስላል፤ ስንጥቁ ቃጫዎቹን ተከትሎ ከሄደና ካልቆረጣቸው በቋሚ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ግን ጥቂት ነው። ስንጥቁ የሚያሰጋው በሚለመጥ ወራጅ ጎን ላይ ሲሆንና ሚስማሩ በተመታበት መስመር ላይ ሲወድቅ ነው።

ደረቅነት ከጉዳቱ ጥቅሙ ይበልጣል። ግድግዳው ውሃውን ሲለቅ ክሮቹ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ እንጨቱ በቁመቱ ሲጨመቅ የሚችለው ጭነት ከእርጥብነቱ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ከላይ ያለውን ቶሎ ሲያደርቁ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ላዩ ይኮማተራል፣ ውስጡ እምቢ ይላል፣ ላዩም ይሰነጠቃል። በነጭ ባሕር ዛፍ ላይ ደግሞ ውሃው በጥድፊያ ሲወጣ ቱቦዎቹ ወደ ውስጥ ተጨፍልቀው ጣውላው እንደ ቆርቆሮ ሸንተረር የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ጣውላው በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ በየረድፉ መሐል ቀጫጭን እንጨቶች እየገቡ ቢደረደርና ውሃው ከጎኑ ይልቅ እጅግ በፍጥነት የሚሸሽባቸው ሁለቱ ጫፎቹ ቀለም ቢቀቡ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ለሥራ የሚሆን እንጨት ይገኛል። የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ግንባታው ውስጥ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የሚታጣው ጊዜ ነው።

ድቡልቡሉና ጣውላው

ባሕር ዛፍ ከብዙ ዛፎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለ፤ ግንዱ ቆሞ ሳለም በራሱ ውስጥ የተወጠረ ነው። ዛፉ በየዓመቱ በላዩ ላይ የሚጨምረው አዲስ የእንጨት ሽፋን ሲጠነክር በቁመቱ ሊያጥር ይሞክራል፤ ከሥሩ ያለው አሮጌ እንጨት ግን ስለሚይዘው ውጪው እንደተሳበ፣ ውስጡም እንደተጨመቀ ይኖራል። ይህ የዕድገት ውጥረት ይባላል። ግንዱ ሙሉ እስከሆነ ድረስ ሁለቱ ኃይሎች ተቻችለው ይቆማሉ፤ መጋዝ ሲገባበት ግን ሚዛኑ ይፈርሳል። የተቆረጠው ጫፍ ተንጣጥቶ በኮከብ ቅርጽ ይሰነጠቃል፤ በመጋዝ የሚለየው ጣውላም ገና ከግንዱ ሳይላቀቅ ወደ ውጪ እንደ ቀስት ይጎብጣል። «ባሕር ዛፍ ለጣውላ አይሆንም» የሚለው የመጋዝ ቤት ወሬ መነሻው ይህ ነው፤ ወሬው ግን ከእውነቱ አልፎ ይሄዳል። ወፍራምና የጎለመሰ ግንድ ተመርጦ፣ በቀኝና በግራ እኩል እየተቀነሰ ሲሰነጠቅ ጉብጠቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ግንዱ ሳይሰነጠቅ፣ ድቡልቡል እንደሆነ ሲሠራበት ግን ያው ውጥረት ረዳት ይሆናል። ምዕራፍ ሁለት ላይ እንደታየው አንድ ወራጅ ሲለመጥ የላይኛው ጎኑ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። እርጥብ እንጨት ከመሳብ ይልቅ በመጨመቅ ቶሎ ይሸነፋል፤ የድቡልቡሉ ውጪ አስቀድሞ የተሳበ ስለሆነ ደግሞ የሚጨመቀው ጎን በመጀመሪያ ያንን መሳብ መጨረስ አለበት፣ ስለዚህ የሚሸነፍበት ሰዓት ይዘገያል። በምዕራፍ ስድስት ኮንክሪት ከመጫኑ በፊት በተወጠረ የብረት ገመድ እንዴት እንደሚበረታ ተገልጾ ነበር፤ ባሕር ዛፍ የዚያን ግልባጭ ያለ መሐንዲስ ይሠራዋል። ከዚህም በላይ ድቡልቡል እንጨት ቃጫው በጉጥ ዙሪያ ተጠምዞ ሳይቆረጥ ያልፋል፤ ጣውላ ላይ ግን መጋዙ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የተጠማዘዘውን ቃጫ ሁሉ ቆርጦት ይወጣል። በገጠርና በከተማ ያለው ግንበኛ ባሕር ዛፍን በብዛት በድቡልቡሉ መጠቀሙ ድህነት ብቻ አይደለም፤ እንጨቱን በሚያዋጣው በኩል መያዝም ነው።

ከሶሌታው ሥር

የባሕር ዛፍ ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ከሶሌታ ሥር ነው፤ ፈተናውም ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ፎርምወርኩ፣ ሠራተኛውና ጋሪው ሲታከልበት 700 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ድጋፎቹ በየአንድ ሜትሩ ቢቆሙ አንዱ አጠና ይህን ያህል ይሸከማል ማለት ነው።

በወገቡ 8 ሴንቲሜትር የሆነ አጠና የቁርጡ ስፋት 50 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ በቁመቱ ሲጨመቅ በካሬ ሴንቲሜትር 300 ኪሎ ቢችል እንኳ፣ ይህም ዝቅ ያለ ግምት ነው፣ አጠናው እስኪጨፈለቅ 15 ሺህ ኪሎ ሊጫንበት ይችላል። በዚህ ስሌት 700 ኪሎ ምንም አይደለም። ረጅምና ቀጭን ነገር ግን የሚሸነፈው በመጨፍለቅ ሳይሆን በመጉበጥ ነው፤ ይህንን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር በቀመር አስቀምጦታል። በእርሱ ቀመር መሠረት ያው 8 ሴንቲሜትር አጠና 3 ሜትር ቁመት ሲኖረው የሚጎብጥበት ጭነት ወደ 2,200 ኪሎ ይወርዳል። አጠናው 6 ሴንቲሜትር ከሆነስ? ለመጉበጥ ያለው መቋቋም በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚለወጥ የ2 ሴንቲሜትር መቀነስ ጭነቱን ወደ 700 ኪሎ ያወርደዋል፤ ይኸውም ሶሌታው ራሱ የሚጭንበት ነው። መጠባበቂያ የሚባል ነገር አልቀረም፤ አጠናው ጥቂት ከጎበጠ፣ ሥሩ ያለው ድንጋይ ካዘነበለ ወይም ኮንክሪቱ አንድ ቦታ ላይ ከተከመረ የሚሆነው ግልጽ ነው።

ቀመሩ መፍትሔውንም ይዟል። የሚጎብጥበት ጭነት በርዝመቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ አጠናው በወገቡ ላይ በሁለት አቅጣጫ በሌላ እንጨት ቢታሰር የሚጎብጠው ርዝመት በግማሽ ይቀንስና አቅሙ አራት እጥፍ ይሆናል፤ 700 ኪሎ የነበረው ወደ 2,800 ይወጣል። ከሶሌታ ሥር በአግድም የተመታው ያ ቀጭን ማገር የማያስፈልግ ጌጥ መስሎት የሚያስወልቅ ፎርማን፣ እንጨት ሳይጨምር የተገኘውን ሦስት አራተኛ አቅም ነው የሚጥለው። ሁለት አጭር አጠና ጫፍ ለጫፍ አነካክቶ በሁለት ቁራጭ እንጨትና በሚስማር ማስረዘምም የሚጎብጠውን ቦታ በጣም በሚያሰጋው ወገብ ላይ መፍጠር ስለሆነ፣ ግዴታ ከሆነ መጋጠሚያው ከጫፉ አጠገብ ቢውል ይሻላል።

ለሚለመጥ ወራጅ ደግሞ ጥንካሬው የሚያድገው በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው፤ 10 ሴንቲሜትር የሆነው ከ8ቱ እጥፍ ያህል ይችላል። በገበያ ላይ ያለው የዋጋ ልዩነት ይህን ያህል ሲሰፋ እምብዛም ስለማይታይ፣ ብዙ ቀጫጭን ከመግዛት ጥቂት ወፍራም መግዛት ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ሚስማሩና የአዳማ ነፋስ

አዳማ ነፋሻ ከተማ መሆኗን ለማወቅ ወደ ኮረብታዎቿ ማየት ይበቃል፤ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተመርቀውባታል። ነፋስ ለጣሪያ የሚያመጣው ጭነት ከተለመደው በተቃራኒ ወደ ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ በጣሪያው ላይ ሲያልፍ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ40 ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ሊስበው ይችላል፤ የቆርቆሮው ክብደት ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው። ልዩነቱን የሚይዘው ሚስማር ነው፤ ሚስማሩን የሚይዘው ደግሞ እንጨቱ፣ ያውም በወርዱ።

ደረቅ ባሕር ዛፍ ሚስማር ያጎብጣል፤ ስለዚህ አናጺው እርጥቡን ይመርጣል፤ ሚስማሩም ያለ ችግር ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን እንጨቱ በተቀመጠበት ይደርቃል፤ ቃጫው በሚስማሩ ዙሪያ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል፤ ሚስማሩ ከነበረው የመያዝ አቅም አብዛኛውን ያጣል። ቤቱ ሲሠራ በእጅ ተነቅሎ የማይወጣው የቆርቆሮ ሚስማር ከሁለት ክረምት በኋላ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። እንግዲህ ለጣሪያው ማገርና ወራጅ የደረቀ እንጨት ተመርጦ፣ ከሚስማሩ ጥቂት በቀጠነ መሰርሰሪያ ቀድሞ ቢበሳ ሁለቱም ችግር ይቃለላል። መሰርሰሪያ የሌለው አናጺ የሚስማሩን ጫፍ በመዶሻ መትቶ ሲያደድብ መታየቱም ያለ ነገር አይደለም፤ ሹል ጫፍ ቃጫዎቹን ወደ ጎን ገፍቶ ይሰነጥቃቸዋል፣ የደደበው ግን ቆርጧቸው ያልፋል። ወራጁን ከቋሚው የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ግን ለሚስማር ብቻ መተው የለበትም፤ በላዩ የሚጠመጠም ወፍራም ሽቦ ወይም ጠፍጣፋ ብረት ጭነቱን ወደ እንጨቱ ቁመት ያዞረዋል።

የመሬት መንቀጥቀጥ በተነሣ ጊዜ ይህ መገጣጠሚያ ሌላም ዋጋ አለው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከታተለው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ነበር። ቀላል በሆነ የእንጨት ማዕቀፍ ላይ የሚደርሰው ኃይል ከከባድ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግንብ ያነሰ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹ ካልተለያዩ ማዕቀፉ ይወዛወዛል እንጂ በአንድ ጊዜ አይናድም።

ምስጥ

እስካሁን የተባለው ሁሉ እንጨቱ ጤነኛ ሆኖ መቆየቱን ይጠይቃል። በስምጥ ሸለቆ ኩይሳ የተለመደ ነገር ነው፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ ለጋ አጠና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአፈሩ ደረጃ ላይ ተበልቶ ያልቃል። ምስጥ ከላይ ያለውን ቅርፊት ትቶ ውስጡን ስለሚበላ አጠናው ቆሞ ይታያል፤ በጣት ሲጫኑት ግን ይሰረጉዳል።

ዛፍ ሲጎለምስ በመሐሉ ያለው እንጨት ውሃ ማመላለሱን ያቆምና ነፍሳትንና ሻጋታን የሚከላከሉ ቅመሞች ይሞሉታል፤ ይህ የልብ እንጨት ይባላል። የቀይ ባሕር ዛፍ የልብ እንጨት አፈር ውስጥም ቢሆን ከነጩ አብልጦ ይቆያል። በዙሪያው ያለው የነጣው የዳር እንጨት ግን በየትኛውም ዝርያ ለምስጥም ለብልም ክፍት ነው፤ ለጋ አጠና ደግሞ አብዛኛው የዳር እንጨት ነው። በየሰፈሩ የሚደረገው የተቃጠለ ዘይት መቀባት ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅና አፈርን ስለሚበክል የሚሰጠው ጥቅም አጭር ነው። ቋሚውን ከመሬት አንሥቶ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መሠረት ላይ ማሳረፍ ከዚያ ይሻላል።

መሬት ውስጥ መቀበሩ ግድ ሲሆን፣ ለምሳሌ በመብራትና በስልክ ምሰሶ ላይ፣ መፍትሔው መድኃኒቱን በግፊት ወደ እንጨቱ ማስገባት ነው። የልብ እንጨት ቱቦዎቹ የተደፈኑ ስለሆኑ ክሪዮሶትንም ሆነ የመዳብ ቅመሞችን አይቀበልም፤ ምስጥ የሚወደው የዳር እንጨት ግን በደንብ ይጠጣል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ለምሰሶ የሚሆነው የዳር እንጨቱ ሳይጠረብ ድቡልቡል ሆኖ ሲቀር ነው፤ መድኃኒት የጠጣው ቀለበት ያልጠጣውን መሐል ከቦ ይጠብቀዋል። መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት እንጨቱ መድረቅ አለበት፤ ውሃ የያዘው ቱቦ ሌላ አያስገባም፣ በኋላ የሚመጣ ስንጥቅም ያልተነከረውን መሐል ለምስጥ ይከፍታል። የተነከረ ምሰሶ ማጠር ካለበትም የሚቆረጠው ከላይ በኩል ነው፤ ከታች ከተቆረጠ መድኃኒት ያልደረሰው ልብ በቀጥታ አፈሩ ላይ ያርፋል።